አንድ ማሳ በመዝገብ ሁለት ጊዜ እንዳይጻፍ ስለ መጠበቅ

ለወረዳና ለቀበሌ ሹማምንት ለባለይዞታዎችም የቀረበ መግለጫ

የመሬት መዝገብ የሚጠቅመው ለአንድ ማሳ አንድ ቃል ብቻ የሰጠ እንደ ሆነ ነው። አንድ ማሳ በሁለት መስመር ተጽፎ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ሁለት የይዞታ ደብተር ይወጣበታል፤ በሁለቱም ደብተር ሁለት ባለይዞታ ይነሣበታል። ከዚያ በኋላ ወንድም ከወንድሙ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ይካሰሳል፤ ግብሩም ወይ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፣ ወይም ማንም ሳይከፍለው ይቀራል።

በአገራችን በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ለገጠር ባለይዞታ የይዞታ ማረጋገጫ እንዲሰጠው አዝዞ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 በእርሱ ፈንታ ተተክቷል። መዝገቡም ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ ስለ ሆነ፣ ጸሓፊው በዓይኑ ይጠብቀው የነበረው ነገር ዛሬ በምን እንደሚጠበቅ ሹም ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

በኮምፒዩተር ሰንጠረዥ ላይ ጠባቂው ዩኒክ ኢንዴክስ የሚባለው ነው። ይህም ማለት በተመረጠው ዓምድ የተጻፈው ሁሉ በተራ ተሰልፎ የሚቀመጥበት ማውጫ ነው። አዲስ መስመር በመጣ ጊዜ ኮምፒዩተሩ መዝገቡን ሁሉ አያገላብጥም፤ በማውጫው ቦታውን ብቻ ፈልጎ ያው ቃል አስቀድሞ ገብቶ ያገኘው እንደ ሆነ፣ አዲሱን አልቀበልም ብሎ ይመልሳል።

«ጸሓፊው ከመጻፉ በፊት ቢፈልግ አይበቃምን?» የሚል ይኖራል። አይበቃም። ሁለት ጸሓፊዎች በአንድ ሰዓት ፈልገው ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ያገኙ እንደ ሆነ ሁለቱም ይጽፋሉና። ማውጫው ግን ፊተኛውን ተቀብሎ ኋለኛውን ይመልሳል።

ነገር ግን ይህ ጠባቂ የታዘዘውን ብቻ ስለሚጠብቅ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ማስተዋል ያስፈልጋል።

1ኛ. በስም አይታዘዝ። በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ ሰዎች አሉና እውነተኛውን ባለይዞታ ይከለክላል። ደግሞም በእኛ አነጋገር አንድ ድምፅ የሆኑት ሀና ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለኮምፒዩተር ልዩ ልዩ ፊደሎች ናቸው፤ ስለዚህ «ኃይለ ፀሐይ» እና «ሀይለ ጸሀይ» ሁለት ሰው ሆነው ያልፋሉ።

2ኛ. በማሳው ቁጥር ይታዘዝ። ቁጥሩ በየቀበሌው ከ1 የሚጀምር እንደ ሆነ ግን ወረዳው፣ ቀበሌውና ቁጥሩ ሦስቱ በአንድነት ይያዙ። አለዚያ የአንዱ ቀበሌ 15ኛ ማሳ የሌላውን ቀበሌ 15ኛ ማሳ እንዳይጻፍ ያስከለክለዋል።

3ኛ. የቁጥሩ ቦታ ባዶ ሆኖ እንዲቀር አይፈቀድ። ፖስትግሬስኪውኤልና ማይኤስኪውኤል የሚባሉት የመዝገብ ፕሮግራሞች እንደ ልማዳቸው ባዶን ከባዶ ጋራ አንድ አድርገው አይቆጥሩም፤ ስለዚህ ቁጥር የሌለው ማሳ መቶ ጊዜ ቢጻፍ ማውጫው ዝም ይላል።

4ኛ. አሮጌው መዝገብ አስቀድሞ ይጥራ። ድጋሚ ባለበት ሰንጠረዥ ላይ ማውጫውን ለመትከል አይቻልም። ድጋሚው በተገኘ ጊዜ ግን ጸሓፊው በገዛ ፈቃዱ አንዱን መስመር አይሰርዝ። የሚሰረዘው መስመር የባልቴት ወይም የሙት ልጅ መብት ሊሆን ይችላልና፣ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ማሳውን አይቶ፣ አዋሳኞቹን ጠይቆ ይለይ።

ኮምፒዩተር ከሁለቱ መስመሮች እውነተኛው የትኛው እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም፤ ይህ የሹሙ ሥራ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሹም የወረዳውን መዝገብ ያዥ አስጠርቶ «ይህ ጠባቂ በመዝገባችን ተተክሏልን? በየትኛውስ ዓምድ?» ብሎ ይጠይቅ፤ አልተተከለም የሚል መልስ ያገኘ እንደ ሆነ፣ አሮጌው መዝገብ ተጣርቶ እንዲተከል ሳይውል ሳያድር ይዘዝ።