«ከባድ ነገር እንዳታነሺ»

ግንቦት 2017 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ ቺካጎ ላይ የካንሰር ሐኪሞች በተሰበሰቡበት ጉባኤ አንድ የጥናት ውጤት ቀረበ። የተፈተነው አዲስ መርፌም ኪኒንም አልነበረም፤ ፈጠን ያለ እርምጃና ሶምሶማ ነበር። ቻሌንጅ የተባለው ይህ ጥናት በትልቁ አንጀት ካንሰር ታመው ቀዶ ሕክምናና ኬሞ የጨረሱ 889 ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ከካናዳና ከአውስትራሊያ፣ በዕጣ ለሁለት ደለደለ። ለአንዱ ወገን ስለ ጤናማ አኗኗር የሚያስረዳ ጽሑፍ ተሰጠው፤ ለሌላው 3 ዓመት ሙሉ የሚከታተለው የስፖርት ባለሙያ ተመደበለት። 8 ዓመት በሕይወት የቆዩት ከመጀመሪያው ወገን 83.2 በመቶ፣ ከሁለተኛው 90.3 በመቶ ሆኑ።

እንቅስቃሴ የኬሞን ድካም እንደሚያቀል ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ሜሪል ዊኒንግሃም የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኬሞ ላይ ያሉ ሴቶችን የቤት ውስጥ ብስክሌት ታስነዳ ነበር። ዕድሜ ሊያረዝም እንደሚችል ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የያዘኝ ደግሞ ልዩነቱ የመጣበት መንገድ ነው። መንቀሳቀስ ደግ መሆኑን ሁለቱም ወገን ሰምቷል። አንደኛው ወገን ግን በቀጠሮው ቀን «በዚህ ሳምንት ስንት ደቂቃ ሄድክ?» የሚለው ሰው ነበረው።

እኛ ዘንድ ታማሚዋን የሚወድ ሰው ያስተኛታል። አጥሚቱ ይመጣል፣ ትራሱ ይስተካከላል፣ ልትነሳ ስትል «ተይ፣ ዕረፊ» የሚላት አይጠፋም። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ምክሩ ግን ጉልበት ይበላል። በ1966 (እ.ኤ.አ.) ዳላስ ውስጥ 5 ጤነኛ ወጣቶች ለ3 ሳምንት አልጋ ላይ እንዲውሉ ተደረገ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች ሲመረመሩ፣ የሰውነት አቅማቸውን የበለጠ የጎዳው የ30 ዓመት እርጅና ሳይሆን የ3 ሳምንቱ መኝታ ሆኖ ተገኘ። ጤነኛን እንዲህ ካደረገ፣ ደሟ አንሶ ጡንቻዋ ለሟሸሸ ሴት ወራት የፈጀ መኝታ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም።

ስለ ካንሰርና እንቅስቃሴ ከሚነሱት ክርክሮች ሁሉ ልቤን የሚነካው የክንድ ጉዳይ ነው። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የብብት ዕጢዎችን ሲጨምር፣ በተለይ ጨረር ከታከለበት፣ ክንድ በፈሳሽ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ ሴቶች ለዘመናት «በዚያ እጅሽ ከባድ ነገር እንዳታነሺ» ሲባሉ ኖረዋል። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ዶን ማኬንዚ የተባለ የስፖርት ሐኪም ቫንኩቨር ውስጥ ከጡት ካንሰር የተረፉ 24 ሴቶችን በረጅም ጀልባ ላይ አስቀምጦ ሲያስቀዝፋቸው ብዙዎች ክንዳቸው ያብጣል ብለው ሰጉ፤ የተፈራው አልደረሰም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የካትሪን ሽሚትዝ ጥናት እብጠት የነበረባቸውን 141 ሴቶች ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ክብደት ካነሱት ውስጥ እብጠቱ የተባባሰባቸው 14 በመቶ፣ ካላነሱት 29 በመቶ ነበሩ። እገዳው ይጠብቃል የተባለውን ክንድ አልጠበቀም።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ነው። «አታንሺ» የተባለችው ሴት ጀሪካን የምትሸከም፣ ሊጥ የምታቦካ፣ ልጅ የምታዝል ናት። እገዳውን ብታከብር ኑሮዋ ይቆማል፤ ብትጥስ ክንዷ ባበጠ ቁጥር ራሷን ትወቅሳለች። ከክልከላው ይልቅ ክንዷን ቀስ በቀስ የሚያጠነክር ሰው ብታገኝ ምን ያህል ይቀላት ነበር!

ሌሎቹን ጉዳዮች በአጭሩ ልለፋቸው። እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ መድኃኒቶች ልብን ስለሚያደክሙ፣ የወሰደ ሰው ከመሮጡ በፊት ልቡን ይታይ። እግሩን የሚያደነዝዘው በሚዛን ልምምድ ይጀምር፤ ካንሰሩ አጥንቱ ላይ የደረሰበት አይዝለል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዓለም አቀፍ ምክር በሳምንት 3 ቀን ለ30 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ 2 ቀን ጡንቻ ማሠራት ይላል። ልኩ ጥሩ ነው፤ ግን ባለሙያ በቅርብ እንዳለ አድርጎ የተጻፈ ይመስለኛል።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። ከሩቅ መጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ ጨርሶ የሚመለስ ሰው አገሩ ሲገባ የሚከታተለው ባለሙያ አያገኝም። አስታማሚ ግን አለው። ምሳ ዕቃ ይዛ ሆስፒታል ስትመላለስ የከረመችው እህት ጠዋት ጠዋት አብራው ብትወጣ፣ የካናዳው ባለሙያ ካደረገው ቢያንስ አንዱን ታደርጋለች፦ «ትናንት ስንት ደቂቃ ሄድን?» ብላ ትጠይቃለች።

አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ መንቀሳቀስም የራሱ ጉዳት አለውና። በቻሌንጅም ከሚንቀሳቀሱት 18.5 በመቶው፣ ከሌሎቹ 11.5 በመቶው የጡንቻና የአጥንት ችግር ገጥሟቸዋል። ትኩሳት፣ የደረት ሕመም ወይም መድማት ካለ ሐኪም ይቅደም። ከዚያ በግቢ ውስጥ 5 ደቂቃ፣ ከሳምንት በኋላ 7 ደቂቃ። ለክንድ፣ ቁስሉ ደርቆ ሐኪም ከፈቀደ በኋላ፣ ውኃ የተሞላ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። እብጠት ሳይኖር ሳምንታት ካለፉ ባለ አንድ ሊትሩ፣ ከዚያ ባለ ሁለቱ፣ ከዚያ እስከ ግማሹ የተሞላ ትንሽ ጀሪካን።