አደንጓሬ ከአጥር እስከ ድስት
በደሴና በኮምቦልቻ የአንድ ፍሬ ሁለት ጠባይ

በወሎ ደጋ አገር ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከጓሮ አጥር ላይ ተጠምጥሞ ደማቅ ቀይ አበባ የሚያወጣ አንድ ሐረግ አለ። አላፊ አግዳሚው ለጌጥ የተተከለ ይመስለዋል፤ የቤቲቱ እመቤት ግን የምታስበው ስለ አበባው ሳይሆን ከአበባው በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው። ይህ ሐረግ አደንጓሬ ይባላል።

ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ በኪራይ ክፍል ለሚኖር ተማሪ፣ ወይም ደመወዙ ከወር እስከ ወር ለማያደርሰው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ አደንጓሬ የዋዛ ምግብ አይደለም። የደረቀው ፍሬ ከክብደቱ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል፣ ገላን የሚገነባው ፕሮቲን ነው። ከበቆሎ ወይም ከስንዴ ጋር ሲበላ ደግሞ በአንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። ሥጋ በወር አንድ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አደንጓሬ ችኩል ሰው አይወድም። አበሳሰሉን ላላወቀበት ምሳ መሆኑ ቀርቶ በሽታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአጥሩ ጀምረን እስከ ድስቱ ድረስ እንከተለው።

የሩቅ አገር ልጅ

አደንጓሬ ከባቄላ፣ ከአተር፣ ከምስርና ከሽምብራ ጋር ቢቆጠርም፣ እንደ እነርሱ የአሮጌው ዓለም ተወላጅ አይደለም። የመጀመሪያ አገሩ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ደጋ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1492 ዓ.ም. ኮሎምቦስ ወደዚያ ክፍለ ዓለም ከተሻገረ በኋላ፣ በቆሎ፣ ድንችና በርበሬ ወደ ሌላው ዓለም ሲጓዙ አደንጓሬም ከእነርሱ ጋር ተጓዘ። እንግዲህ የአደንጓሬ ወጥ ስንሠራ፣ በርበሬውና አደንጓሬው በድስታችን ውስጥ የተገናኙ የአንድ አገር ልጆች ናቸው ማለት ነው።

የቅርብ ዘመዱ ቦሎቄ ነው፤ በብዙ ቤትም የሁለቱ ስም ይቀላቀላል። ለይቶ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሲበቅሉ ይመልከታቸው። የቦሎቄ ሁለት ክፋዮች ከቡቃያው ጋር ከመሬት በላይ ይወጣሉ፤ የአደንጓሬ ግን እመሬት ውስጥ ይቀራሉ። የአደንጓሬ ሥርም ይወፍርና ውርጭ ካልገደለው በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ያቆጠቁጣል። ቀይ አበባ የሚያወጣው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ሐምራዊና ጥቁር ዥንጉርጉር ፍሬ ሲሰጥ፣ ነጭ አበባ ያለው ነጭ ፍሬ ይሰጣል።

አየር ሲመርጥም አደንጓሬ ደገኛ ነው። ቀዝቀዝ ያለ አገር ይወዳል፤ ሙቀት ሲበዛበት አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ስለዚህ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ ትስማማዋለች። ጠመዝማዛውን መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተከትለን ስንወርድ የምናገኛት ኮምቦልቻ ግን ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናትና፣ በእርሷ ግቢ ቦሎቄ ይሻላል።

መሬት የሌለው ሰውም ቢሆን አጥር አያጣም። አከራዩን አስፈቅዶ፣ የሰኔ ዝናብ ሲገባ ፍሬውን አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ማስገባት፣ በአንዱና በሌላው መካከልም አንድ ስንዝር ያህል መተው ይበቃል። ሐረጉ የሚጠመጠምበት እንጨት ከሌለው መሬት ለመሬት ይንከባለላል። ደግሞም አበባውን ንብ ካልጎበኘችው እንደ ልብ አያፈራም፤ በአበባው ወራት የተባይ መድኃኒት መርጨት ከገዛ ምሳ ላይ መቀነስ ነው።

እሸቱ

አደንጓሬ ሁለት ጊዜ ይበላል፤ አንድ ጊዜ በእሸትነቱ ከነቅርፊቱ፣ ሁለተኛ ጊዜ ፍሬው ከደረቀ በኋላ።

ከነቅርፊቱ የሚበላው ገና ለጋ ሳለ ነው። ጎንበስ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረና የውስጡ ፍሬ ከውጭ አብጦ ካልታየ ጊዜው ደርሷል። ካለፈ በኋላ ቅርፊቱ እንደ ገመድ ይሆናል። በየሁለትና በየሦስት ቀን መልቀም ይገባል፤ ካልተለቀመ ሐረጉ ዘሩን ያደረሰ ይመስለውና አበባ ማውጣቱን ይተዋል።

ለማዘጋጀት፣ ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ያለውን ክር ከጫፍ ጀምሮ በቢላ እየሳቡ ማውጣት፣ ከዚያም አግድም ሰያፍ አድርጎ በቀጭኑ መክተፍ ነው። በሚፈላ ውሃ ውስጥ ጨው ጣል አድርጎ እስኪለሰልስ መቀቀል ያስፈልጋል። ሽንኩርትና ካሮት በዘይት ተቁላልተው ሲለሰልሱ የተቀቀለውን እሸት መጨመር፣ ነጭ ሽንኩርትና የተሰነጠቀ ቃሪያ ማከል፣ ጥቂት አማስሎ ማውጣት ብቻ ይቀራል። ፎሶሊያ በካሮት መሥራት የሚችል ሰው ይህን መሥራት አያቅተውም።

ጥሬውን ስለ መብላት

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። በአገራችን የባቄላና የአተር እሸት ከማሳው ቀጥፎ፣ ፈልፍሎ በጥሬው መብላት የቆየ ልማድ ነው። በዚህ ልማድ ያደገ ልጅ የአደንጓሬ ፍሬ ሲያገኝ እንደዚያው ወደ አፉ ቢሰድ አይፈረድበትም። ነገር ግን አደንጓሬም ሆነ ቦሎቄ በጥሬው ፊቶሄማግሉቲኒን የሚባል መርዛም ነገር አለው። አራት ወይም አምስት ጥሬ ፍሬ ብቻ ሰውን ሊያሳምም ይችላል። ከበላ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ውስጥ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የሆድ ቁርጠት ይጀምራል፤ ተቅማጥም ይከተላል። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይድናል፤ ነገር ግን ሕፃን ከሆነ፣ ወይም ትውከቱና ተቅማጡ ካላቆመ፣ ሰውነቱ ውሃ ሳያልቅበት ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

ከጥሬው ይልቅ ደግሞ የሚያስፈራው ለብ ለብ ያለው ነው። ውሃው ሳይፈላ በ80 ዲግሪ አካባቢ ብቻ እየሞቀ የቆየ ፍሬ መርዙ ከጥሬው እስከ አምስት እጥፍ ሊብስ ይችላል። ከሰሉ አለቀ ብሎ በረመጥ ላይ የተተወ ድስት፣ ኤሌክትሪክ ሲዳከም ሳይፈላ የሚቆይ ምድጃ፣ ከዚህ አደጋ የሚያደርሱ ናቸው። ውሃ ሳይነካው በደረቁ የተቆላ የአደንጓሬ ቆሎም አይታመንም፤ መርዙን በደንብ የሚያጠፋው እርጥብ ሙቀት ነውና። ለሽሮ ማስፈጨት የፈለገችም ብትኖር፣ አስቀድማ በሚገባ ቀቅላ፣ አድርቃ ታስፈጭ።

የደሴ ውሃና የኮምቦልቻ ውሃ

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን በትምህርት ቤት የተማርነው ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውን የሚጫነው ኃይል ስለሚቀንስም ሙቀቱ ገና ሳይበረታ መፍላት ይጀምራል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብሎ ማስላት ይቻላል። በዚህ ሒሳብ ውሃ በኮምቦልቻ በ94 ዲግሪ፣ በደሴ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል ማለት ነው። ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨምሩበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ክፍት በሆነ ድስት ውስጥ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም።

እንግዲህ ኮምቦልቻ ያደገ ልጅ ደሴ ተመድቦ ሥራ ሲጀምር፣ እናቱ በምታውቀው ሰዓት ልክ አደንጓሬ ቢጥድና ፍሬው አልበስል ቢለው፣ ጥፋቱ የፍሬው ላይሆን ይችላል፤ የተራራው ነው። የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተዘፈዘፈ ቦሎቄ መርዙ እንዲጠፋ ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲፈላ ይመክራል። ይህ ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር የተነገረ ነው። በእኛ ደጋ ከዚያ አብልጦ፣ ፍሬው ፈጽሞ እስኪለሰልስ ድረስ ማፍላት ግድ ይሆናል። ፕሬዠር ኩከር የሚባለው ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት ለደሴ ሰው የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል።

ለደሴ የሚፈርድላት ነገርም አለ። ደረቅ ፍሬ በሞቃትና በእርጥብ ቦታ ብዙ ወር ከተቀመጠ ውስጡ ይጠጥርና ቢቀቅሉት እንኳ አልለሰልስ ይላል። ስለዚህ የኮምቦልቻ ሰው ውሃው ቢበረታለትም ፍሬውን በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ማኖር፣ ከዓመት ዓመትም አለማሳደር አለበት። ከገበያ የሚገዛ ሰው የዘንድሮ ምርት መሆኑን ጠይቆ ይግዛ።

አቀቃቀሉ

በመጀመሪያ ፍሬውን መልቀም፣ ጠጠሩንና የነቀዘውን መለየት፣ ማጠብ። ከዚያም በሦስት እጥፍ ውሃ ዘፍዝፎ ከማታ እስከ ጠዋት ማሳደር። ጠዋት የዘፈዘፈበትን ውሃ መድፋት ነው፤ ሆድ ከሚነፋው ነገር ከፊሉ ከዚያ ውሃ ጋር አብሮ ይሄዳል። ፍሬውም ውሃ ስለጠጣ ቶሎ ይበስላል፤ ከሰልም ይተርፋል።

በአዲስ ውሃ ጥዶ እሳቱን ማበርታት፣ ሲንተከተክም እንዳይቋረጥ መጠበቅ። ውሃው ካነሰ የሚጨመረው የፈላ ውሃ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ከጨመሩበት መፍላቱ ይቋረጣል። ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ሌላ የሚኮመጥጥ ነገር ፍሬው ከመብሰሉ በፊት አይግባ፤ ኮምጣጣ ነገር ቅርፊቱን ያጠነክረዋል።

መብሰሉ የሚታወቀው በሰዓት አይደለም። «እትዬ፣ ውሃው ከፈላ ቆየ እኮ፤ በስሏል?» ብሎ አከራዩን የጠየቀ ልጅ፣ «ኧረ አንተ ልጅ! ውሃውን ልትበላው ነው? ፍሬውን ጠይቀው እንጂ!» የሚል መልስ ቢያገኝ እውነታቸውን ነው። አምስት ስድስት ፍሬ ከድስቱ ልዩ ልዩ ቦታ አውጥቶ በሁለት ጣት መጫን ነው። ሁሉም እንደ ቅቤ ከላሙ በስሏል፤ አንዱ እንኳ መሐሉ ላይ ጠጠር ካለበት ድስቱ ይመለስ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

ንፍሮና ወጥ

ለንፍሮ፣ አደንጓሬው ተዘፍዝፎ ሊበስል ሲቃረብ ለብቻው የተቀቀለ ስንዴ ወይም በቆሎ ይጨመርበታል፤ አብረው ጥቂት ፈልተው፣ ውሃው ተጠንፍፎ፣ ጨው ተነስንሶበት ይቀርባል። ለቢሮ ምሳ በእቃ ቋጥሮ ለመሄድም ይመቻል።

ለወጥ፣ ለሁለት ሰው አንድ ብርጭቆ ደረቅ ፍሬ ይበቃል፤ ሲበስል ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ተከትፎ ያለ ዘይት ይቁላላ፤ ዘይት ይጨመርበት፤ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ገብቶ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ እየረጠበ ይብሰል። ነጭ ሽንኩርትና የተከተፈ ቲማቲም ይከተሉ። ከዚያ የበሰለው አደንጓሬ ይግባ፤ ከፍሬው ጥቂቱ በማማሰያ ጀርባ ቢደፈጠጥ ወጡን ያወፍረዋል። ጨውና መከለሻ በመጨረሻ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ቀቅሎ፣ ግማሹን ለንፍሮ፣ ግማሹን ለማግሥት ወጥ ያደረገ ሰው በአንድ እሳት ሁለት ቀን በላ ማለት ነው።

አንድ ገበታ

በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። የአንዱ እርድ ለሌላው ስለማይሆን የሥጋ ቀን ገበታው ይለያያል። አደንጓሬ ግን ቢላ አልነካውም፤ ደምም የለበትም። ክርስቲያኑ በረቡዕና በዓርብ ጾሙ ይበላዋል፤ ሙስሊሙም በፈለገው ቀን ይበላዋል። አንድ ክፍል የተከራዩ ሁለት ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው ተማሪዎች ያለ ሐሳብ ከአንድ ትሪ የሚጎርሱት፣ አንዱ ለሌላው የሚያጎርሰውም እንዲህ ያለውን ወጥ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከመተኛትዎ በፊት አንድ ብርጭቆ አደንጓሬ ለቅመው ይዘፍዝፉ። ነገ ደግሞ ጎረቤትዎን ይጥሩ፤ ነገር ግን ፍሬው በጣትዎ መካከል እስኪልም ድረስ እንጀራውን አይዘርጉ።