የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲያን ደብዳቤዎች

በወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የተፈረመ ደብዳቤ ከተፈረመ መጽሐፍ የሚለየው በውስጡ ባለው ጉዳይ ነው። መጽሐፍ ላይ ያለ ፊርማ ደራሲው መጽሐፉን በእጁ ይዞት እንደነበር ከመመስከር አያልፍም። ደብዳቤ ግን ቀንና አድራሻ አለው፤ ለአንድ ሰውም የሚለው ነገር አለው። አርተር ኮናን ዶይል ስለ ሼርሎክ ሆምስ ጥቂት መስመር የጻፈበት ወረቀት፣ የእራት ግብዣ ከተቀበለበት ማስታወሻ እጅግ የበለጠ ዋጋ ያወጣል፤ ፊርማው ያው ሆኖ ሳለ።

ከዳር እስከ ዳር በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ በታይፕ ከተመታው ይመረጣል። ሆኖም ደንቡ ለሁሉም አይሠራም። ሬይመንድ ቻንድለር ብዙዎቹን ደብዳቤዎቹን እየተናገረ በጸሐፊ ያስመታ ነበር፤ ከነዚያ መካከል ከልብ ወለዶቹ የማይተናነሱ አሉ። ታይፕ ነው ብሎ ያለፋቸው ሰብሳቢ ምርጡን ያጣል።

ፎርጅድ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚያዘው በፊርማው ሳይሆን በዙሪያው ባለው ነገር ነው። ኮናን ዶይል ከ1897 እስከ 1907 እ.ኤ.አ. የኖረው ሂንድሄድ በሚገኘው አንደርሾው ቤቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ክሮውቦሮ ወዳለው ዊንድልሻም ተዛወረ። የዊንድልሻም አድራሻ በራስጌው በታተመ ወረቀት ላይ 1899 የሚል ቀን ከተጻፈ ነገሩ አበቃ። አጋታ ክሪስቲም ለቅርብ ሰዎቿ አጋታ ማሎዋን ብላ ትፈርም ነበር፤ አርኪዮሎጂስቱን ማክስ ማሎዋንን ያገባችው ግን በ1930 ነው። ያ ስም በ1925 ደብዳቤ ግርጌ ምን ይሠራል?

ይህን ያለፈ ወረቀት በአጉሊ መነጽር ይታያል። የብዕር ቀለም በወረቀቱ ጭረት ውስጥ ይሰርጋል፤ መስመሮች በሚተላለፉበት ቦታም ጠቆር ይላል። የታተመ ፊርማ ይህ የለውም። የሌላውን እጅ የሚቀዳ ሰው ደግሞ ቀስ እያለ ስለሚሄድ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ብዕሩም ያለቦታው ይነሣል። ፖስታው ከነቴምብሩና ከነማኅተሙ አብሮ ከተገኘ ቀኑን ለማመሳከር ይረዳል።

ገዢው የሚወስደው ወረቀቱን ብቻ ነው፤ የማሳተም መብቱ ከደራሲው ወራሾች ጋር ይቀራል። በእንግሊዝ መብቱ ከሞት በኋላ 70 ዓመት ስለሚቆይ፣ በ1976 የሞተችው የክሪስቲ ደብዳቤዎች እስከ 2046 መጨረሻ ያለ ፈቃድ አይታተሙም።

ደብዳቤን በፍሬም አድርጎ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ መስቀል ቀለሙን ያደበዝዛል። አሲድ በሌለው ማኅደር፣ ደረቅና ጨለም ባለ ቦታ ማኖር ይሻላል። የተቀደደውን በስኮች መለጠፍ ከሁሉም ይብሳል፤ ሙጫው ቢጫ እየሆነ ወደ ወረቀቱ ይዘልቃል፣ ለማስለቀቅም የባለሙያ እጅ ይፈልጋል።