ትንፋሽ የሚያጥራት ሯጭ

ዛሬ በአንድ ግቢ ከምንማረው መካከል ብዙዎቻችን ነገ አስተማሪዎች ሆነን ወደየአውራጃው እንበተናለን። የአንዳችን ዕጣ በካፋ ዞን ቢታ ገነት ላይ ወደቀ እንበል። በትምህርት ቤቱ የሩጫ ቀን አንዲት ልጅ ሁሉን ቀድማ ትገባለች፤ ጥቂት ቆይታ ግን ደረቷ ይታፈናል፣ ያስላታል፣ ትንፋሿም ያፏጫል። ዘመዶቿ «ሩጫውን ተዪው፣ ይገድልሻል» ይሏታል። አስተማሪውስ ምን ይበላት? ይህን አስቀድመን እንድናስብበት ስለ አስም ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

አስም የአየር ቧንቧ ሕመም ነው። የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ዘወትር የተቆጣ ስለ ሆነ በጥቂት ነገር ያብጣል፤ በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎችም ይኮማተራሉ። ሯጭ በአፉ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ አየሩ በአፍንጫ እንደሚያልፈው ሳይሞቅና ሳይረጥብ ይገባል፤ ቧንቧው ይደርቃል፣ ይጠባልም። ጭንቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ሩጫው ካበቃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ ነገሩ ስንፍና አይደለም። የካፋ አየር እርጥብ መሆኑ ለእንዲህ ያለው ሯጭ ደግ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚታፈን የማገዶ ጭስ፣ ሻጋታና ጉንፋን ግን ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ።

ከአርሲ አሰላ የተነሣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አስም ያለበት ሯጭ ነው። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን መተንፈስ ቢቸግረው በ30ኛው ኪሎ ሜትር ግድም አቋርጦ ወጣ። መስከረም ሲጠባ፣ በ2000 ዓ.ም. መግቢያ፣ በበርሊን በ2፡04፡26 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። የቤይጂንግ ኦሊምፒክ በደረሰ ጊዜ የከተማይቱን የተበከለ አየር ፈርቶ ማራቶኑን ተወ፤ በ10 ሺህ ሜትር ብቻ ሮጦ 6ኛ ወጣ። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በዚያችው በርሊን በ2፡03፡59 ገባ፤ ከ2፡04 በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሕመሙን ስለ ናቀ አይደለም፤ መቼ መተው እንደሚገባ ስላወቀ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ልጅቱን ለሐኪም ማሳየት ነው፤ ሳል ሁሉ አስም አይደለምና፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የልብ ሕመም እንዳይሆን መመርመር ይገባል። አስም ከሆነ የተቆጣውን ቧንቧ የሚያበርደውን፣ እንደ ቤክሎሜታሶን ያለውን የሚሳብ መድኃኒት ደኅና ብትሆንም ሐኪሙ እንዳዘዘላት ትወስዳለች። ሕዝቡ ፓፍ የሚለውን ሳልቡታሞል ደግሞ ሐኪሙ ካዘዘላት ከሩጫው 15 ደቂቃ ያህል አስቀድማ ትስባለች፤ ሰውነቷንም ቀስ በቀስ ታሟሙቃለች። ይህን መድኃኒት የዓለም ፀረ ዶፒንግ ሕግ በልክ ይፈቅደዋል፤ ልኩም በ24 ሰዓት ውስጥ 1600፣ በማናቸውም 8 ሰዓት ውስጥ ከ600 የማይበልጥ ማይክሮግራም ነው። በሩጫ ላይ ትንፋሿ ካፏጨ ትቁም፤ ፓፉ ካላሻላት ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ትወሰድ።

«ተዪው» ማለት ቀላል ነው፤ «ቻይው» ማለትም እንዲሁ። ሁለቱም ሳያውቁ መፍረድ ነው። አስተማሪው ከዚህ ይልቅ ፓፏን በኪሱ ይዞ በሩጫው መጨረሻ ላይ ቢጠብቃት ይሻላል።