የቡሬና የፍኖተ ሰላም ደን፦ ከተራራው እስከ አባይ ሸለቆ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የታረሰ ማሳ ነው። በማሳው መካከል ግን እንደ ደሴት ተለይተው የቆሙ ጥቅጥቅ ያሉ ዛፎች ዓይኑን ይስባሉ። ቀረብ ብሎ ሲያይ ከዛፎቹ መካከል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ይላል። ደኑ በእነዚህ ሥፍራዎች ብቻ ሊቀር የቻለው ለምንድን ነው? ይህም ቢጠፋ መልሰን ልናገኘው እንችላለን? በዚህ ጽሑፍ የአካባቢውን መልክዐ ምድርና ታሪክ እየተመለከትን ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ እንፈልጋለን።

ሦስት እርከን ያለው ምድር

ይህንን የምዕራብ ጎጃም ክፍል ሦስት እርከን ባለው ደረጃ ልንመስለው እንችላለን። የላይኛው እርከን የሰከላና የደጋ ዳሞት ደጋማ ምድር ሲሆን፣ በስተምሥራቅ ጫፉ ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው የጮቄ ተራራ ጋር ይያያዛል። መካከለኛው እርከን ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሚገኙበት ሜዳ ነው። የፍኖተ ሰላም ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር፣ የቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ያህል ነው። የታችኛው እርከን ከቡሬ በስተደቡብ ያለው የአባይ ሸለቆ ሲሆን፣ ወለሉ ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል።

የአባይ ምንጭ የሆነው ግሽ አባይ የሚገኘው በላይኛው እርከን፣ በሰከላ ነው። ሥፍራውን ፖርቱጋሎች የላኩት ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎብኝተውታል። ወንዙ ከዚያ ወደ ጣና ወርዶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ በመጨረሻ ከቡሬ በስተደቡብ ባለው ጥልቅ ሸለቆ ያልፋል። ብርንና ተምጫን የመሳሰሉ ወንዞችም ከደጋው ተነሥተው በእርከኖቹ እየወረዱ ከእርሱ ጋር ይቀላቀላሉ።

እንደሚታወቀው ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከቡሬ ተነሥቶ 1,000 ሜትር ወደ አባይ የወረደ ሰው 6 ዲግሪ ያህል ወደሚሞቅ አገር ይደርሳል። ዕፀዋቱም አብረው ይለወጣሉ። በደጋው ኮሶ፣ አስታና የደጋ ቀርቀሃ፣ በወይና ደጋው ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ብሳና፣ በቆላው ደግሞ በበጋ ቅጠላቸውን የሚያራግፉ እንደ አባሎ ያሉ ዛፎችና የቆላ ቀርቀሃ ይበቅላሉ። በአንድ አካባቢ ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ማግኘት ትልቅ ሀብት ነው።

መንገድና ታሪክ

ከሦስቱ እርከኖች ለሰው ይበልጥ የተመቸው መካከለኛው ነው። የደጋው ብርድም የቆላው ወባም የማይጸናበት፣ ለጤፍ፣ ለበቆሎና ለዳጉሳ የሚስማማ ምድር ነው። አካባቢው በታሪክ ዳሞት በሚባለው ግዛት ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ስሙም እስከ ዛሬ በደጋ ዳሞት ወረዳ ይኖራል። ዳሞት በመጀመሪያ ከአባይ በስተደቡብ ያለ አገር ነበር፤ ኋላ ሕዝቡ ወንዙን ሲሻገር ስሙን ይዞት መጣ። ቡሬ ደግሞ ከወለጋና ከጎጃም የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት።

በ1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ በኩል ገብተው ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዙት በዚሁ መስመር ነበር። የጣሊያን ጦር በዚያው ዓመት የካቲት ወር ቡሬን ለቅቆ በደምበጫ በኩል አፈገፈገ። በግዕዝ «የሰላም መንገድ» የሚል ትርጉም ያለው የፍኖተ ሰላም ስምም በዚህ ጉዞ ጊዜ እንደተሰጠ ይነገራል።

ሆኖም ለሰው የተመቸው እርከን ለደኑ አልተመቸውም። ሰው በበዛበት ሥፍራ እርሻው ሰፋ፤ ዛፉም ለቤት፣ ለማገዶና ለከሰል ተቆረጠ። ገበሬው ዋንዛንና ብሳናን ለጥላና ለእንጨት ብሎ በማሳው ውስጥ ቢተውም፣ ደን ግን በአብዛኛው የቀረው ዛፉ የታቦቱ ነው ተብሎ በሚከበርበት በቤተ ክርስቲያን አጸድ ብቻ ነው።

ዘሩ በአፈር ውስጥ የለም

ብዙዎቻችን መሬቱ ከእርሻ ቢያርፍ ደኑ ራሱ ተመልሶ ይበቅላል ብለን እናስብ ይሆናል። የሳይንሱ ግኝት ግን ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች አፈር ውስጥ ያለውን ዘር የመረመሩ የደን ባለሙያዎች እንዳሳዩት፣ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይበሰብስ የሚቆየው በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው። የአብዛኞቹ ነባር ዛፎች ዘር ወይ ቶሎ ይበቅላል ወይ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ እናት ዛፉ ከጠፋ በመሬት ውስጥ የሚጠብቅ ዘር የለም። ወፍ ወይም ጦጣ ከሌላ ሥፍራ ሊያመጣው ይገባል፤ ለዚህም በቅርብ ሌላ ደን መኖር አለበት። የአጸዱ ዛፎች ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ በዙሪያቸው ላለው ገጠር ሁሉ የዘር ጎተራ ናቸው።

በልብ ወለድ መጻሕፍታቸው ጭምር የሚታወቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት፣ በጎረቤታችን በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከብት እንዳይገባ በታጠረ የደን ክፍል ውስጥ ችግኞች ካልታጠረው ይልቅ እንደሚተርፉም አሳይተዋል። ይህ ግኝት ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ደኖቹን በድንጋይ ካብ ለማሳጠር ለጀመሩት ሥራ መሠረት ሆኗል።

ባሕር ዛፍስ? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለሽያጭ ስለሚደርስ ለገበሬው ገቢ፣ ለነባሩ ደንም ከመጥረቢያ እፎይታ ይሰጣል። ችግሩ የሚመጣው ወደ አጸዱ ገብቶ የወይራውንና የዝግባውን ቦታ ሲወስድ ነው። ያን ጊዜ ከሩቅ የሚታየው አረንጓዴነት ሳይቀንስ የዘር ጎተራው ይራቆታል።

እንግዲህ ተማሪዎች ወደ ትውልድ ቀያችሁ ስትሄዱ የአጸዱን ትልልቅ ዛፎች ብቻ አትመልከቱ፤ ከሥራቸው የወይራና የዝግባ ችግኝ መኖር አለመኖሩን ዝቅ ብላችሁ ቁጠሩ። ትልልቆቹ ዛፎች ስለ ትናንቱ ደን ይነግሩናል፤ ደኑ ነገ መኖር አለመኖሩን የምናውቀው ግን ከችግኞቹ ነው። ችግኝ በሌለበት አጸድ ዛሬ የሚታየው ደን የቀረው ዕድሜ በቆሙት ዛፎች ዕድሜ የተወሰነ ነው፤ በካብ የታጠረው ግን ተተኪ ሊያገኝ ይችላል።