የበረኪና ብርታት ከስሙ አይታወቅም
በኬሚስትሪ ቁስ አካል ንጹሕ ቁስ ወይም ድብልቅ ነው። ክሎሪን ንጥረ ነገር፣ የገበታ ጨው ደግሞ የሶዲየምና የክሎሪን ውሁድ በመሆናቸው ሁለቱም ከንጹሕ ቁስ ይመደባሉ። የውሁድ ይዘት ምንጊዜም አንድ ነው፤ የድብልቅ ግን እንደ አዘጋጁ ይለያያል። በረኪና፣ ለዓይን አንድ ወጥ ፈሳሽ ቢመስልም፣ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በውኃ የሟሟበት ድብልቅ ነው። ስለሆነም ከማቅጠንዎ በፊት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መቶኛ ያንብቡ። ባለ 5 በመቶ ከሆነ፣ 1 ብርጭቆ በረኪና በ9 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ሲቀጠን 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ይህም ለወለልና ለዕቃ እንጂ ለገላ አይደለም። በረኪናን ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ይህ ተራ ድብልቅ ሳይሆን ኬሚካዊ ለውጥ ነውና፣ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።