የመኪና ዘይት ፊልትሮን ማዛወር፦ ጥቅሙና ጥንቃቄው

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ይፋዊ ስያሜ ባለው የሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና አካባቢ፣ እንደ ከተማዋ ሁሉ፣ ያለ መኪና ኑሮ አይገፋም። የፒክአፑን ዘይት ራሱ የሚቀይር ሰው ግን አንድ ችግር ሊገጥመው ይችላል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ፊልትሮው በቀላሉ እጅ አይደርስበትም። ለምሳሌ በቀድሞው የቶዮታ 22 አር ኢ ሞተር ላይ ከአየር ማስገቢያው ስር ተሸሽጎ ይገኛል፤ ሲፈታም ዘይቱ ይፈስሳል።

አንዱ መፍትሔ ፊልትሮውን ማዛወር ነው። በቀድሞው ቦታ ላይ ሁለት ቀዳዳ ያለው ማገናኛ ይታሰራል። አንደኛው ቱቦ ዘይቱን በኮፈኑ ስር አመቺ ስፍራ ወደተተከለው ፊልትሮ ይወስዳል፤ ሁለተኛው የተጣራውን ይመልሳል።

ይሁንና ለሞተሩ ሕይወት የሆነው ዘይት በእነዚህ ቱቦዎች በግፊት ስለሚያልፍ ስጋትም አለው። አንዱ ቢላላ፣ ከጭስ ማውጫው ጋር ተነካክቶ ቢቃጠል ወይም መግቢያና መውጫው ቢምታታ፣ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሙቀትና ግፊት የሚችል ቱቦ መምረጥ፣ ሞተሩን አስነስቶ ፍሳሽ መፈተሽ፣ አጥፍቶም የዘይቱን መጠን መለካትና የጎደለውን መሙላት ያስፈልጋል።

የወጣው ዘይትም ሊታሰብበት ይገባል። ካሊፎርኒያ ያገለገለ ዘይትን እንደ አደገኛ ቆሻሻ ትቆጥራለች፤ በጎርፍ መውረጃ የተደፋው ሳይጣራ ባሕር ይገባል። በግዛቲቱ ፈቃድ የተሰጣቸው የመሰብሰቢያ ማዕከላት ግን ያለ ክፍያ ይረከቡታል።